የደብረ ብርሃን ጎመንና የሸዋ ሮቢት ዱባ በአንድ ሕግ አይጠጡም

ሰሞኑን በቴሌግራም ከሰው ሰው ሲዘዋወር የሰነበተ፣ በበጋ ፀሐይ ጓሮን እንዴት ውሃ ማጠጣት እንደሚገባ የሚመክር ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ ከሦስት ሰው ደርሶኛል። አንዱ የላከልኝ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለ ጎረቤቴ ነው። በዚያው ሳምንት ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ጎማ ይዞ ድንቹን ከላይ ሲያርከፈክፍ አየሁት። ምን እያደረገ እንደሆነ ስጠይቀው «ጽሑፉ ላይ ያለውን ነው» አለኝ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስነሳኝ ያ ምሽት ነው። ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ ያስታውቃል፤ ቋንቋው ግልጽ ነው፤ ሰው ጓሮውን እንዲያለማ ይወተውታል። ነገር ግን ከምክሮቹ አብዛኞቹ ስህተት ናቸው፤ አንዳንዶቹም የሰውን ድካም ሜዳ ላይ የሚያስቀሩ ናቸው።

ላላነበበው ሰው ጽሑፉ የሚለው ይህ ነው። ቀትር ላይ ውሃ ማጠጣት ቅጠል ያቃጥላል፤ ጠብታው እንደ ማጉያ መነጽር የፀሐይን ጨረር ይሰበስባል። ስለዚህ ትክክለኛው ሰዓት ማታ ነው። ለእያንዳንዱ ተክል በየቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ ሳይዛነፍ ይሰጥ። ቅጠል ከጠወለገ ተክሉ ተጠምቷልና ሰዓት ሳይመረጥ ወዲያው ይጠጣ። ውሃው እንደ ዝናብ ከላይ ቢርከፈከፍ ይመረጣል፤ ተክል በቅጠሉም ይጠጣል። አፈርን ጭድ ማልበስ አይጥና ምስጥ ስለሚጠራ ይቅር። የዕቃና የልብስ እጣቢ በየቀኑ ቢደፋ ማዳበሪያ ይሆናል። በመጨረሻም አፈሩ በየጊዜው ይኮትኮት።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ትክክል ነውና። ዋልካ አፈር ያለው ጓሮ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከታች ያለው ርጥበት በዚያ በኩል ይተናል፤ የምናጠጣውም ውሃ ሥሩን ሳያርስ በስንጥቁ ሾልኮ ይወርዳል። ላዩን ሁለት ሦስት ጣት ያህል በመኮትኮቻ ፈታ ማድረግ ይህን ይከላከላል። ጸሐፊው ይህንን ማንሳታቸው ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው።

ከሌሎቹ ምክሮች በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በጋ ሲሉ የየትኛውን አገር በጋ ነው? ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። በመኪና መንገድ የሚለያያቸው ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው ግን ጋቢውን የሚያወልቅበትን ቦታ ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ጎመኑ ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ሰው ጥላ ፍለጋ ይዞራል። ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ሁለቱም ቦታ በጋ ነው። ለሁለቱ አንድ ሰዓትና አንድ ጣሳ የሚደነግግ ምክር ቢያንስ አንዱን ጓሮ ይጎዳል።

የማጉያ መነጽሩን ጉዳይ ቶሎ ልለፈው። ይህ እምነት በዓለም ሁሉ የተሰራጨ ነው፤ ተመራማሪዎችም ፈትሸውታል። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ለስላሳ ቅጠል ላይ ያረፈ የውሃ ጠብታ ቅጠሉን እንደማያቃጥል አሳይተዋል። ጠብታው ቅጠሉ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ስለሚተኛ ጨረሩ የሚሰበሰበው ከቅጠሉ አልፎ ነው፤ ውሃውም ራሱ ቅጠሉን ያቀዘቅዛል። ጠብታውን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ፀጉር ያለው ቅጠል ላይ ግን ቃጠሎ ሊደርስ እንደሚችል አይተዋል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ጥቂት እውነት አላቸው። ይህን ለማመን ግን የእኛ አገር ዝናብም ይበቃ ነበር። በልግ ላይ ዘንቦ ወዲያው ፀሐይ ስትወጣ ጎመኑና ባቄላው በጠብታ ተሸፍነው ይውላሉ፤ አንድም ቅጠል ሲቃጠል አላየንም። ቀትር ላይ አለማጠጣት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብክነት ነው፤ ፀሐይና ነፋስ የውሃውን ድርሻ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ይወስዱታል። ሌላም እውነተኛ አደጋ አለ፦ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ እጅ ያቃጥላል። እሱን መጀመሪያ ወደ ባልዲ አፍስሶ ማብረድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ማታው ምክር። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ጉዳቱን ያየሁት እዚህ ነውና።

ደጋ ላይ ማታ ከላይ የተርከፈከፈ ቅጠል እስከ ማግስቱ ጠዋት አይደርቅም። ጀንበር 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ብርዱ ይገባል፤ ጤዛው ይጨመራል፤ ፀሐይ ወጥታ ቅጠሉን እስክታደርቀው 13 ወይም 14 ሰዓት ያህል ርጥብ ሆኖ ያድራል ማለት ነው። የድንችና የቲማቲም ቅጠል ላይ ጥቁር ቡናማ ቁስል እያወጣ በጥቂት ቀን ማሳ የሚያጠፋው፣ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ቀዝቃዛ አየርና ለብዙ ሰዓት ርጥብ ሆኖ የሚቆይ ቅጠል። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ ያን ሁሉ ሕዝብ ለረሃብ የዳረገው ይኸው የድንች በሽታ ነው። በበጋ የእኛ አየር ደረቅ በመሆኑ ድንቻችን ከዚህ በሽታ ያርፋል፤ በየማታው ቅጠሉን ስናርስ ግን በሽታው ያጣውን ክረምት በገዛ እጃችን እንሰጠዋለን። ሽንኩርትም ላይ እንዲሁ ነው። ቅጠሉ ረጥቦ ሲያድር ሐምራዊና ግራጫ ቁስል የሚያወጡት በሽታዎች መንገድ ያገኛሉ።

ውርጩን ጨምሩበት። ብዙ ሰው ማታ ውሃ ማጠጣት ከውርጭ ያድናል ብሎ ያምናል፤ በግማሹ እውነት ነው። ርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ የቀን ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ለዚህ ነው ውርጭ ይወርዳል ተብሎ በተፈራ ቀን መደቡ ርጥብ ቢሆን የሚጠቅመው። ሙቀቱን የሚሰበስበው ግን በፀሐይ ሰዓት ነው። ስለዚህ አፈሩ ጠዋት ወይም ረፋድ ላይ መጠጣት አለበት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሰበስበው ፀሐይ የለውም። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በውርጭ ወራት የማጠጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግድም፣ ውርጩ ከቅጠሉ ላይ ከቀለጠ በኋላ ነው። ቆላ ላይ ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ መጀመር ይሻላል።

ማታ ማጠጣት ግዴታ የሚሆንበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሌሊት የሚመጣለት አለ፤ ከሥራ የሚገባው ከመሸ በኋላ የሆነም አለ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ሌሊቱ ሞቃት ስለሆነ ማታ ማጠጣት ያን ያህል አይጎዳም፤ ትነትም ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሰው ውሃውን ከግንዱ ሥር ያፍስስ፤ ቅጠሉን አያርጥብ። ደጋ ያለ ሰው ደግሞ የሌሊቱን ውሃ በበርሜል ቀድቶ ጠዋት ቢያጠጣ በሽታውንም ውርጩንም ያመልጣል።

በየቀኑ አንድ ጣሳ የሚለው ደንብ ደግሞ ሲያዩት ንጹሕ፣ ሲቆፍሩት ባዶ ነው። ቃሌን በቃል ብቻ እንዳላስቀር ከጎረቤቴ ጋር ሄደን የካሮቱን መደብ በቢላ ቆፈርን። ለሦስት ሳምንት በየማታው ያጠጣው መደብ ነው። ላዩ ጥቁር፣ ርጥብ፣ የሚያምር ነበር። ሁለት ጣት ያህል ወረድ ስንል ቀለሙ ተለወጠ፤ ከዚያ በታች ያለው አመድ ነው፤ ቢላውን ስናወጣው አቧራ ቦነነ። የነቀልነው ካሮት ጣት የማያህል፣ ጫፉ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነበር። ቀጫጭን ሥሮቹ ወደ ታች አልወረዱም፤ እንደ ሰሌን ክር ወደ ጎን ተዘርግተዋል። ውሃው ያለው ላይ ስለሆነ ሥሩም እዚያው ቀረ። ላይ የቀረ ሥር ደግሞ አንድ ቀን ውሃ ቢቋረጥበት የሚይዘው ነገር የለውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ይሆናል። ሞቃትና ደረቅ በሆነ ቀን በአትክልት የተሸፈነ መሬት በትነትና በቅጠል በኩል በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊያጣ ይችላል፤ ደጋ ላይ ከዚያ ያነሰ። በሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር ወደ 40 ሊትር ነው፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ይህን ሁለት ጀሪካን በየቀኑ ቆንጥሮ ላዩን ከማርጠብ ይልቅ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ቀስ አድርጎ እስኪጠልቅ ማጠጣት ይሻላል። ያኔ ውሃው አንድ ስንዝርና ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ ሥሩም ይከተለዋል። አሸዋማ አፈር ቶሎ ስለሚያሳልፍ ድርሻው ተከፋፍሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሁን። ዋልካ ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ ትንሽ አፍስሶ፣ ቆይቶ፣ እንደገና ማፍሰስ ነው።

በዚህ ላይ ጥናት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሮቢ ወንዝን ተከትሎ ሽንኩርት የሚያለማውን ገበሬ ማየት ይበቃል። በባህላዊው መስኖ ውሃው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብረው የውሃ አባት ነው፤ በየቀኑ ተራ የሚደርሰው ገበሬ የለም። ተራው ሲደርስ ማሳውን አጥግቦ ያጠጣል፤ ከዚያ ቀናት ይጠብቃል። ቲማቲሙም ሽንኩርቱም ከዚያ ማሳ ተጭኖ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። በየቀኑ ውሃ ግድ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ምርት ባልነበረ።

በየቀኑ ውሃ የሚያስፈልገው የለም ማለቴ አይደለም። ገና የተዘራ መደብ፣ አዲስ የተዛወረ ችግኝ፣ በቀለም ባልዲና በዘይት ጀሪካን የተተከለ ተክል ቆላ ላይ በየቀኑ ሊጠማ ይችላል። ሥሮቻቸው አጫጭር፣ አፈራቸው ትንሽ ነው። ለእነዚህ የጸሐፊው ደንብ ይሠራል። ለቀረው ግን ጣሳውን ከማንሳት በፊት ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ጥልቀት ጥቂት አፈር አውጥቶ በመዳፍ መጨበጥ ነው። ተጨብጦ ቅርጹን ከያዘ ተክሉ ገና ውሃ አለው። ከተበተነ ጊዜው ደርሷል።

ይህ ወደ መጠውለግ ይወስደኛል። ጸሐፊው ጠብታ ቅጠል ያቃጥላል ብለው ቀትርን ከከለከሉ በኋላ፣ ቅጠል ሲጠወልግ ሰዓት ሳይመረጥ ይጠጣ ይላሉ። የሚጠወልገው ቀትር ላይ ነው። ታዲያ የትኛውን እንከተል? ሁለቱ ምክሮች አብረው አይቆሙም።

ሸዋ ሮቢት ያሉት አክስቴ ጓሮ ውስጥ አንድ ትልቅ ዱባ አጥሩን ተከትሎ ይሄዳል። በአንድ ሚያዝያ ልጠይቃቸው ወርጄ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሳየው ቅጠሉ ሁሉ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ደንግጬ ባልዲ አነሳሁ። አክስቴ ከበራፉ ጥላ ሥር ሆነው «ተወው ልጄ፣ ሙቀቱን እየሸሸ ነው፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይነሣል» አሉኝ። አላመንኳቸውም፤ ግን ባልዲውን አስቀመጥኩ። 11 ሰዓት ላይ ጠርዙ ቀና ማለት ጀመረ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቅጠሎቹ እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው አገኘኋቸው፤ ጠብታ ውሃ ሳይነካቸው። ከዚያ አክስቴ ግንዱ ሥር ያለውን አፈር ገለጥ አድርገው አሳዩኝ፤ ርጥብ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ነበር ያጠጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዱባ ቅጠል ሰፊ ነው፤ ቀትር ላይ ቅጠሉ የሚያጣው ውሃ ሥሩ ከሚያደርስለት ይበልጣል፤ አፈሩ ርጥብ ቢሆንም እንኳ። ቅጠሉ መውረዱ ለፀሐይ የሚያሳየውን ገጽ ይቀንስለታል። ጥማቱን የሚለየው ምሽትና ማለዳ ነው። ጀንበር ጠልቃም እንደጠወለገ ካለ፣ ወይም ጠዋት ጠውልጎ ከተገኘ፣ ያኔ በእውነት ተጠምቷል፤ ሳይዘገይ ይጠጣ።

ከዚህ የከፋም አለ። ውሃ የበዛበት ተክልም ይጠወልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ውሃ ከያዘ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ አይስብም። ቅጠሉ የተጠማ መስሎ ይወርዳል። የጽሑፉን ምክር የተከተለ ሰው ይህን ሲያይ ሌላ ጣሳ ይጨምራል፤ ተክሉንም የሚገድለው ያ ጣሳ ነው። ቃሪያና በርበሬ በዚህ በብዛት ያልቃሉ። ስለዚህም ነው ከቅጠሉ በፊት አፈሩ ይጠየቅ የምለው።

ከላይ ማርከፍከፍን በተመለከተ፣ ቅጠል ጥቂት ውሃ ሊስብ እንደሚችል እቀበላለሁ፤ በቅጠል የሚረጭ ማዳበሪያ የሚሠራውም በዚሁ ነው። ተክል ግን በዚያ አይኖርም፤ ውሃውን የሚያገኘው ከሥሩ ነው። መንገድ ዳር ያለ ጓሮ ቅጠሉ አቧራ ሲለብስና ከቅጠሉ ሥር ቀይ ሸረሪት የሚሉት ደቃቅ ተባይ ሲፈላ አልፎ አልፎ ጠዋት በውሃ ማጠብ ይጠቅማል። ከዚያ ውጭ ውሃውን ሥሩ ጋ ማድረስ ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑን በመርፌ በስቶ ቂጡን ቆርጦ ከተክሉ አጠገብ መቅበር ለቲማቲምና ለፓፓያ ችግኝ ጥሩ ነው። ከዚያም የሚሻለኝ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ነው። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው ሸክላው ስለሚያልበው ነው። ያንኑ ሸክላ እስከ አንገቱ ቀብረው ውሃ ሞልተው ቢከድኑት ላቡን ለአፈሩ ይሰጣል፤ አፈሩ ሲደርቅ ይበልጥ ይስባል፤ ሲርስ ይቆማል።

ጭዱ ላይ የጸሐፊውን ስጋት አልንቅም። ቆላ ላይ ምስጥ እውነተኛ ችግር ነው፤ ደጋ ላይ ደግሞ ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ ለጓሮ አልብሱ ማለት ለብዙ ቤት ቅንጦት ነው። ግን መፍትሔው አፈሩን እርቃኑን መተው አይደለም። ፀሐይና ነፋስ በቀጥታ የሚያገኙት አፈር እስኪጋገር ድረስ ይደርቃል። ዘር ሳያፈራ የታጨደ አረም አለ፤ ደረቅ ሣር አለ፤ የሙዝ ቅጠል አለ። ከግንዱ አንድ ጋት ራቅ ተደርጎ ስስ ሆኖ ከተነጠፈ አይጥ አይደበቅበትም። ምስጥ ለሚፈራ ሰው ደግሞ ድንጋይ አለ! ሰሜን ሸዋ ድንጋይ የቸገረው ማን ነው? በእኔ ጓሮ የፖሙን ዛፍ ዙሪያውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከብቤዋለሁ። በመጋቢት ድንጋዩን ሳነሣው ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁር ነው፣ የምድር ትል ይርመሰመስበታል፤ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለው ግን እንደ ጡብ ደርቋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ አልመክርም፤ የሌላውን ዘር ብቅለት ይጫናል።

የቀረው እጣቢው ነው። ውሃ በጋሪ እየገዙ ጎመን የሚያጠጡ ሰዎች ባሉበት አገር አንዴ የተጠቀሙበትን ውሃ እንደገና መጠቀምን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። የኦሞና የበረኪና ውሃ ግን ማዳበሪያ አይደለም። የልብስ ሳሙና ዱቄት ሶዲየም አለበት፤ በየቀኑ አንድ ቦታ ሲደፋ አፈሩ ይጠብቃል፣ ውሃም አልጠጣ ይላል፤ ቆላ ላይ ትነቱ ስለሚበዛ ላዩ ነጭ እየሆነ ይመጣል። በረኪና ያለበት ጨርሶ ወደ ጓሮ አይሂድ፤ ሰላጣና ቆስጣ በመሳሰለው ላይም ምንም ዓይነት እጣቢ አይደፋ። የአትክልትና የእህል እጣቢ፣ ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ ግን እንዳለ ይሂድ። የልብሱ የመጨረሻ ማለቅለቂያ ውሃ ለዛፍ ይሁን፤ ቦታው እየተቀያየረ፣ በመሐል ንጹሕ ውሃ እየጠጣ። እኛ ቤት ያ ውሃ የሚሄደው ለጌሾው ነው፤ አንድ ሳምንት ለአንደኛው፣ በቀጣዩ ለሌላው። አምስት እግር ጌሾ አለን፤ ባለፈው ፋሲካ ለጠላው የገዛነው ጌሾ አልነበረም።